ከወንበር ነው የወደቅኩት

«አሁን ደግሞ ወንዱም አራስ መሆን ጀመረ አሉ» አለች ሴትዮዋ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የኔ ባል ጣራ ሠሪ ነበር። ሦስት ልጅ ስወልድለት ሦስቱንም ቀን ከጣራ ላይ አልወረደም። ያ ባለ ቫኑ የመስኮት ፐርሲያና ጠጋኝ ግን ሚስቴ ወለደች ብሎ እቤቱ ቁጭ ብሏል፣ መንግሥት እየቀለበው። የዶሮ ሾርባም ይቀቅሉለት እንጂ!»

ዳቦ ሻጯ አልሳቀችም። ባለ ቫኑ ከሴትዮዋ ኋላ፣ ከአንድ ሽማግሌ ቀጥሎ ተሰልፎ እያየችው ነበር። ኔስቶር የሕፃኗን ጋሪ በአንድ እጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረውን ኬክ ያይ ነበር፤ ጆሮው እስኪግል ድረስ ያይ ነበር። ሴትዮዋ ሂሳቧን ከፍላ ስትዞር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ፊቷ ቀላ። ከዚያ በጋሪው ላይ አጎንብሳ «ወይ ስታምር! አባቷን ቁርጥ አይደለችም እንዴ!» አለች፤ እሱም «አመሰግናለሁ» አላት። ሌላ ምን ይባላል? ከክፋት አይደለም የተናገረችው። እንዲያው ለአባት የወሊድ ፈቃድ የሚሰጠው ሕግ ባሏ ጣራ ላይ በነበረበት ዘመን አልነበረም፤ ሰው ያላገኘውን ነገር ሌላው ሲያገኝ ይቆረቁረዋል። ኔስቶር አንድ ዩሮ ከሃያ ከፍሎ ረጅሙን ዳቦ በብብቱ ሸጎጠ፤ ዳቦ ሻጯ አንዲት ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ «ለእናትየዋ» ብላ ጨመረችለት፣ ዋጋውን ሳታስብበት።

ነሐሴ ነበር። የስፔኗ ሳራጎሳ በነሐሴ ከጠዋቱ ጀምሮ የጋለ ብረት ናት፤ ሰው በግድግዳ ጥላ እየተጠጋ ነው የሚሄደው። በሰፈሩ ያሉት መስኮቶች ሁሉ ፐርሲያናቸውን አውርደው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በዚህ ከተማ ፐርሲያና የሌለው መስኮት የለም። ከመስኮቱ በላይ ካለው ሳጥን በውጭ በኩል እየተተረተረ የሚወርድ የጣውላ ጥቅልል ነው፤ ውስጥ ሆነው በጠፍር ይስቡታል። ጠፍሩ ሲበጠስ ቤቱ ወይ ጨለማ ወይ ምድጃ ይሆናል፤ ያኔ ነው ለኔስቶር የሚደወልለት። በክረምት ሥራው ቀዝቃዛ ነው፤ በበጋ ግን ስልኩ አያርፍም። ልጁ ቬጋ የተወለደችው የዓመቱ እንጀራ በሚጋገርበት ወር ነው። አባቱ እንደሚሉት ደግሞ «ኅዳር እያለ ነሐሴ ላይ የሚወልድ ፐርሲያና ሠሪ አይቼ አላውቅም።»

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ጋሪውን ከነልጁ ተሸክሞ ወጣ። ሚስቱ ኖኤሊያ መኝታ ቤት ውስጥ በጎኗ ተኝታለች። በቀዶ ሕክምና ነው የወለደችው፤ ቁስሉ መግል ቋጥሮ እንደገና ከፍተው አጥበውታል፤ ከልጇ የከበደ ነገር እንዳታነሳ፣ ደረጃም እንዳትወርድ ተነግሯታል። እናቷ ደሴት ላይ ሆቴል ነው የምትሠራው፤ በነሐሴ ፈቃድ የሚሰጣት የለም። ስለዚህ ልጅቷን የሚያጥባት፣ የሚቀይራት፣ ሌሊት ይዟት የሚዞረው፣ የሚያበስለው ኔስቶር ነው። ይሄን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ መንግሥት በሰጠው የአባትነት ክፍያ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፈለው በከፈለው መዋጮ ልክ ስለሆነ፣ ዝቅተኛውን መዋጮ ለሚከፍል ሰው የሚደርሰው ገንዘብ የቤት ኪራዩን ከፍሎ ለምግብና ለዳይፐር ያህል ብቻ ይተርፋል። ቢሆንም ይተርፋል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ እጁ ሥራ እንዳይነካ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግዴታ ናቸው፤ አይቆራረጡም፣ በግማሽ ቀንም አይያዙም። አንድ የሚያውቀው ሴራሚክ አንጣፊ በፈቃዱ መሃል የአንድ ሰው መታጠቢያ ቤት ሠርቶ፣ በሥራው ስለኮራ ፎቶውን በስልኩ ለዓለም አሳይቶ፣ የተከፈለውን ሁሉ ከነቅጣቱ እንዲመልስ ተፈርዶበታል። እስካሁንም እየመለሰ ነው።

ጣፋጭ ዳቦውን ለኖኤሊያ ሲሰጣት ስልኩ ጮኸ። ጎንዛሎ ነው፤ የሕንፃዎች አስተዳዳሪ። ከኔስቶር ሥራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው እሱ ከሚያስተዳድራቸው ሕንፃዎች ነው።

«አባት! እንዴት ነች ልዕልቲቱ?»

«ደህና ናት። ትጮሃለች።»

«ትጩህ፣ ሳንባዋ ይፋፋ። ስማኝማ፣ የዶኛ ፊሎ ፐርሲያና ተበጥሶ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። የመኝታ ቤቷ መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ነው የሚገባበት። ሴትየዋ ደግሞ ካልጋ አትነሳም፤ ዘጠና አልፏታል። አስታማሚዋ ትናንት አንሶላ ሰቅላ ነበር፣ አንሶላውም ጋለ አለችኝ።»

«ጎንዛሎ፣ ፈቃድ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት እኮ፤ ማን ያይሃል?»

«ማንም አያይም፤ የሚያይ እስኪመጣ ድረስ። ከተያዝኩ ሁሉንም ያስመልሱኛል።»

 ጎንዛሎ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥርሱን ሲያፋጭ በስልኩ ይሰማ ነበር። «እየው ኔስቶር፣ እኔ ልጅ ወልደሃል ብዬ ስቆጣህ አልገኝም። ግን ነዋሪው አንገቴ ላይ ነው። ሌላኛውን ጠጋኝ ከጠራሁት አንድ ጠፍር ለመቀየር አይመጣም፤ የሕንፃዎቹን ሥራ በሙሉ ካልሰጠኸኝ ይላል። እኔስ ምን ልበለው? እስከ ማታ አልጠራውም። እስከ ማታ ብቻ።»

ኖኤሊያ ሁሉንም ሰምታለች። ዳቦዋን እየቆረሰች «ይጥራው» አለች። «ሥራ ይገኛል። እኔ ብቻዬን ይህችን ልጅ ከአልጋዋ ማንሳት አልችልም፤ ያለ ገንዘብ ደግሞ ማንም ማንንም አያነሳም።» ኔስቶር ራሱን ነቀነቀ። ልክ ናት። ግን የዶኛ ፊሎ መኝታ ቤት ከዓይኑ አልጠፋ አለው፤ ያን ክፍል ያውቀዋል፣ ጥቁሩን ቁምሳጥን፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን የብረት ማሞቂያ፣ አልጋው በትክክል ከመስኮቱ ፊት እንደተዘረጋ።

አባቱ ብራውሊዮ ምሳ ሰዓት ላይ መጡ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ በየቀኑ ከልጃቸው ጋር ነው ምሳ የሚበሉት፤ በበጋ ሐብሐብ ይዘው ይመጣሉ፣ ባዶ እጅ መግባት አይወዱም። በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አራሷ እንዴት አደረች?» አሉ፤ ያሉት ወደ ኖኤሊያ ሳይሆን ወደ ኔስቶር እያዩ ነው። ይህ ቀልድ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ በየቀኑ ይነገራል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ስቆ ነበር።

«አራሷ ድንች ጠብሳለች፤ ተቀመጥ አባዬ።»

«አይ ዘመን! እኔ አንተ የተወለድክ ቀን የት እንደነበርኩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። መስኮት ላይ።»

«መስኮት ላይ! እናትህ ጎረቤት ልካ አስጠራችኝ፤ ወንድ ነው አሉኝ፣ እሰይ አልኩና ብሎኑን አጠበቅኩ።»

ወጥ ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከተቀመጠባት ማቀዝቀዣው አይከፈትም። ፐርሲያናው ወርዶ በቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን በጠረጴዛው ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። በእንቁላል የተጠበሰውን ድንች በሉ። ኖኤሊያ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ ቁስሏ ስላመማት ግድግዳ እየተደገፈች ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች። ኔስቶር ነገሩን ለመናገር አልፈለገም ነበር፤ ግን አባቱ ስለ ሥራ ጠየቁት፣ እሱም ነገራቸው። የዶኛ ፊሎን ስም ሲሰሙ አባቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ያን ፐርሲያና እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አሉ። «አንተ ገና ሳትወለድ። ጥድ ነው፣ ሙሉ ጥድ። እንደ ዘንድሮው ፕላስቲክ መሰለህ? በሬ ነው የሚያክለው።»

«አውቃለሁ፤ ባለፈው ዘንጉን ቀይሬዋለሁ።»

«ታዲያ ሴትየዋ ትቃጠል ነው የምትለው?»

«አባዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሕጉ ነው።»

 አባቱ ሐብሐቡን ወደ ራሳቸው ሳቡና በኪስ ቢላቸው ይቆርጡት ጀመር፤ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለቀሙ ከሳህኑ ዳር ደረደሩ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ መሰላል ሥር ሃያ ዓመት ሠርተዋል፤ አንዱ ላይ ሆኖ ሌላው ታች ሆኖ ሳይነጋገሩ መግባባት ለምደዋል። አሁንም ዝምታው ያ የሥራ ዝምታ ነበር። ኔስቶር አባቱ ምን እያሰቡ እንደሆነ አላጣውም። አባቱም ልጃቸው እንደገባው ያውቃሉ። የቫኑ ቁልፍ በበሩ አጠገብ በምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሰፊው ጠፍር አለህ?» አሉ አባቱ፣ ከሐብሐቡ ቀና ሳይሉ።

ኔስቶር እዚህ ላይ «ተው» ሊል ይችል ነበር። አባቱ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጡረተኛ ስለሆኑ እሳቸውም መሥራት ተከልክለዋል፣ ጉልበታቸውም መሰላል አይወድም። ይህን ሁሉ ያውቃል። «ተው» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር። ግን የሆነች ሐሳብ ቀደመቻት፦ አባት ለልጁ ውለታ ቢውል ሥራ አይባልም፤ ውለታ ነው።

«ግራው መሳቢያ ውስጥ አለ» አለ። «ከብሎኖቹ በታች።»

ይኸው ነው የተባለው። ሂድ አላለም። አባቱ እጃቸውን ታጠቡ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ሲወጡ በምስማሩ ላይ ያለው ቁልፍ ተንኳኳ። ኖኤሊያ ከመኝታ ቤት «አባባ ሄዱ እንዴ? ሐብሐቡን ሳይጨርሱ?» አለች። ኔስቶር ሳህኖቹን እየሰበሰበ «ደክሞት ነው፤ ወደ ቤቱ» አላት። ከዚያ በፐርሲያናው ቀዳዳ ወደ ታች አየ። ቫኑ ከጥላው ወጥቶ ሲዞር በጎኑ ላይ «ብራውሊዮና ልጁ» የሚለው ቀለም በፀሐዩ አብረቀረቀ።

ከሰዓቱ ረዘመ። ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ መንገድ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ኔስቶር ልጅቷን በትንሹ ገንዳ አጠባት። አንገቷን በክንዱ ደግፎ ውሃውን በሆዷ ላይ ሲያፈስ አፏን ከፍታ ትደነቃለች፤ አታለቅስም። ደርቃ፣ ተቀብታ፣ ጡት ጠብታ ከተኛች በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ያይ ጀመር። የግማሽ ሰዓት ሥራ። አባቱ ቀስ ስለሚሉ የአንድ ሰዓት ይሁን። ከዚያም አለፈ። ስልኩ ሲጮህ ቁጥሩን አላወቀውም።

የደወለችው የዶኛ ፊሎ አስታማሚ ኢርማ ነበረች፤ ከሆንዱራስ የመጣች፣ ሁሉንም ሰው በአክብሮት የምታናግር ሴት። «ጌታዬ፣ አባትዎ ወድቀዋል። አምቡላንስ ልጥራ ብል ከለከሉኝ። እባክዎ ቶሎ ይምጡ፤ እኔ ፈርቻለሁ።»

ለኖኤሊያ በር ላይ ቆሞ ነገራት። እውነቱን በሙሉ ነው የነገራት፤ ጊዜ አልነበረውም ሌላ ለመፍጠር። እሷም አልጮኸችም። «ልጅቷን አጠገቤ አስተኛትና ሂድ» ብቻ አለችው። ጋሪውን፣ ዳይፐሩን፣ ውሃውን ካልጋዋ አጠገብ ደርድሮላት ወጣ። በባዶው መንገድ ላይ ሮጠ።

ክፍሉ ምድጃ ነበር። ዶኛ ፊሎ እርጥብ ፎጣ ግንባራቸው ላይ አድርገው አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። የመስኮቱ ሳጥን ክዳን ተከፍቶ ጥቅልሉ ግማሹን ወርዶ ተንጋዷል። አባቱ መሬት ላይ፣ ቁምሳጥኑን ተደግፈው፣ ቀኝ ክንዳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የእጃቸው አንጓ ተጣሟል።

«ይኸው መጣች አራሷ» አሉ፤ ፈገግም አሉ።

«ጥቅልሉ አመለጣቸው» አለች ኢርማ፣ እጆቿን እያፋተገች። «ከመሰላሉ አናት ነው የወደቁት። ጭንቅላታቸው ማሞቂያው ብረት ላይ አረፈ። ስጠራቸው አልመለሱልኝም፤ አባታችን ሆይን ጨርሼ እንደገና እስክጀምር ድረስ አልመለሱልኝም ጌታዬ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ምን ታስለቅሺዋለሽ!» አሉ አባቱ። «ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው፤ እናቱን ጠይቁ፣ ነፍሷን ይማር። የተጎዳው እጄ ነው። ኔስቶር፣ ሁለት ብሎን ነው የቀረው። እሱን አጥብቀህ እንሂድ።»

«አሁን ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

«ሁለት ብሎን! ሴትየዋን እያት እስቲ። እንዲህ ትተናት ልንሄድ ነው? ታዲያ የወደቅኩት ለምንድነው?»

ኔስቶር ሴትየዋን አየ። ዶኛ ፊሎ በደረቀ ከንፈራቸው አንድ ነገር አሉ፤ ይቅርታ ይሆናል፣ ውሃም ይሆናል። ፀሐዩ ደረታቸው ላይ ወጥቷል። መሰላሉን አንስቶ ዘረጋ። ከባዱን ጥድ በትከሻው ደግፎ ወደ ዘንጉ መለሰ፤ ጠፍሩን አስገባ፤ ሁለቱን ብሎኖች አጠበቀ። እጁ ሥራውን ያውቀዋል፤ ልጅቷ ከተወለደችለት ጊዜ ጀምሮ ናፍቆት ነበር፤ ለአንድ አፍታ ደስ እንዳለውም ኋላ አስታውሶ አፈረ። ፐርሲያናው ቀስ ብሎ እየተተረተረ ወረደ፤ ክፍሉ በጥላ ተሞላ። ዶኛ ፊሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እግዜር ይስጣችሁ» አሉ።

አባቱ በራሳቸው እግር ነው የወረዱት። ቫኑ ውስጥ ኔስቶር ወደ ድንገተኛ ክፍል መንዳት እንደጀመረ ተናገሩ።

«ከወንበር ነው የወደቅኩት። ቤቴ። አምፖል ስቀይር።»

«አባዬ…»

«አንተ የምትለው ምንድነው? መሰላል ካልክ ምን መሰላል ይሉሃል። የት ይሉሃል። ማን ቤት ይሉሃል። የሥራ አደጋ ነው ወይስ የቤት አደጋ ብለው ይጽፋሉ፤ የሥራ ከሆነ የሚከፍለው ሌላ ስለሆነ ይመረምራሉ። ያንተ ክፍያ ሄደ፤ የኔም ጡረታ ተከትሎት ሄደ። ለማን ብለን?»

«ጭንቅላትህስ?»

«ስለ ጭንቅላቴ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። ጭንቅላት ካልክ ሠላሳ ጥያቄ አለ። አንጓዬን ያሽጉልኝና ቤቴ እገባለሁ።»

ኔስቶር ቫኑን ከሐኪም ቤቱ ራቅ ባለ መንገድ አቆመው፤ በጎኑ የተጻፈውን ማንም እንዳያየው። ቀሪውን መንገድ አባቱን ደግፎ በእግር ሄዱ፤ ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነበር። በራፉ ላይ ያለችው ነርስ ስማቸውን ወስዳ፣ አንጓቸውን ቀስ ብላ ዳስሳ «ከምን ላይ ወደቁ?» ስትላቸው አባቱ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው መለሱ። «ከወንበር። ቤቴ። አምፖል ስቀይር።» «ጭንቅላትዎ አልተመታም?» «አልተመታም።» «አላዞረዎትም?» «ካንቺ ቁንጅና በቀር ምንም አላዞረኝም።» ነርሷ ሳቀች። ወደ ኔስቶርም አየች፤ እሱም ፈገግ አለ። ከወንበር ከወደቀ ሰው የሚቀድም ልብ ድካም አለ፣ መኪና የገለበጠው አለ፣ ሙቀት የጣለው ሕፃን አለ። ቢጫ ወረቀት ሰጥታቸው እንዲጠብቁ ነገረቻቸው።

መጠበቂያው አዳራሽ ሞልቷል፤ ማቀዝቀዣው በጣም ስለሚነፍስ ሰው በነሐሴ ሹራብ ይደርባል። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከማሽን የወጣ ውሃ አንድ ዩሮ ከሃምሳ ነው፤ አባቱ «ለውሃ!» ብለው ተቆጡና ጠጡት።  ከዚያ አባቱ ፊት ለፊታቸው ወዳለው ግድግዳ እያዩ ጠየቁ።

«ውሃ አትፈራም?»

«ማን?»

«ልጅቷ። ስታጥባት።»

«አትፈራም። አፏን ትከፍታለች።»

አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተን አንድ ቀን እንኳ አላጠብኩህም» አሉ። «እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም ነበር። አንገቱ ይሰበርብኛል ብዬ እፈራ ነበር። ይቺ ዳቦ ቤት የማትጠፋው የጣራ ሠሪው ሚስት ስታማህ ሰምቻለሁ። ዝም አልኳት።» ቆም አሉና ጨመሩ፤ «ዝም ባልላት ጥሩ ነበር።»

 አባቱ ተናግሮ እንደማያውቅ ሰው ደክሟቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ግድግዳው አስደገፉ። አዛጉ። እንደገና አዛጉ። ሰው ቁጥሩ እየተጠራ ይገባል፤ የእነሱ አልተጠራም። ኔስቶር በየጊዜው የአባቱን ፊት ይመለከታል። ትንሽ ገርጥተዋል፤ ሰባ አንድ ዓመት ነው፤ ሙቀት ነው፤ ሕመም ነው። ለእያንዳንዱ ምክንያት አገኘለት። የመሰላሉን ቁመት ያውቀዋል። ኢርማ ጸሎቷን ስትጀምርና ስትጨርስ ያለውን ጊዜ በልቡ መለካት ጀመረና ተወው። ተነስቶ እስከ ነርሷ መስኮት ድረስ ሄደ፤ ስልክ ላይ ነበረች፤ ተመለሰ። ስልክ ላይ ባትሆን ይነግራት ነበር ብሎ ለራሱ ነገረው። ነርሷ ስልኩን ዘጋች። እሱ አልተነሳም።

«ራሴን ትንሽ ይዞኛል» አሉ አባቱ።

«ልንገራቸው?»

ዓይናቸውን ሳይከፍቱ በግራ እጃቸው የልጃቸውን አንጓ ያዙ። ጥብቅ አድርገው ነው የያዙት። «ልጅቷን አስብ» አሉ።

እጃቸው ቀስ በቀስ እስኪላላ ድረስ ኔስቶር ከተቀመጠበት አልተነሳም። መጀመሪያ የተኙ መሰለው። ከዚያ ድንገት ወደ ፊት አጎንብሰው የጠጡትን ውሃ ጫማቸው ላይ መለሱት፤ ቀና ብለውም አዩት፤ ግን ዓይናቸው አንዱ ከአንዱ አልተመሳሰለም። «ጥዱን አቀብለኝ» አሉት። «እናትህ ጠርታኛለች፤ ቶሎ እንጨርሰውና…»

ኔስቶር ተነሳ። ወረፋ የያዘውን ሁሉ እየገፋ ሄዶ የነርሷን መስኮት በመዳፉ መታ። «ከመሰላል ነው! ከመሰላል አናት ነው የወደቀው፤ ጭንቅላቱን ብረት መታው፤ ራሱን ስቶ ነበር!» ነርሷ አንዴ አየችው። ምንም አልጠየቀችም፤ ብድግ ብላ ሮጠች። ተሽከርካሪ አልጋ መጣ፤ ሰዎች መጡ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ባርኔጣው ወንበሩ ላይ ቀረ።

ለኖኤሊያ ደወለ። ልጅቷ ታለቅስ ነበር፤ ኖኤሊያም ከልቅሶው በላይ እየጮኸች «ምን አሏችሁ?» ትላለች። «ገና ናቸው» አላት። «ክፍያውስ? ጠየቁህ?» አለች፤ ወዲያውም «ይቅር በለኝ፤ ምን እንደምናገርም አላውቅም» ብላ ዘጋችው። ከዚያ የጎንዛሎ መልእክት ገባ። አላነበበውም።

ሐኪሟ ስትወጣ ፀሐዩ ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ ወለሉን ቀይ አድርጎት ነበር። ወጣት ናት፤ ከሱም የምታንስ ትመስላለች፤ አንገቷ ላይ ላብ አለ። ወደ መጠበቂያው ጥግ ወስዳ አስቀመጠችው። በጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ አንጎላቸውን ተጭኖታል አለችው፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተዋል፤ የሚተርፉ ከሆነም እንደ ቀድሞው መሆናቸውን ማንም ሊነግረው አይችልም። ሌላ ቤተሰብ ካለ ይጠራ አለች። ለመቆጣት አልነበረም አነጋገሯ፤ እንደ ደከመ ሰው ነበር። «እንደመጡ ስለ ጭንቅላታቸው ብናውቅ ኖሮ ቀጥታ ነበር የምናስገባቸው። መዝገቡ ላይ ግን ወንበር ይላል። ወንበር ያለው ማነው?»

«እሳቸው ናቸው» አለ ኔስቶር።

እውነት ነው፤ እሳቸው ናቸው ያሉት። ሐኪሟ ወረቀቷን ገለጠችና ብዕሯን አወጣች።

«መሰላሉስ የት ነበር? እቤታቸው?»

«እቤታቸው።»

«እንግዲያው ገና ሲመጡ ጀምሮ ግራ ተጋብተው ነበር ማለት ነው» አለች፣ ለሱም ለራሷም። «ጭንቅላቱ የተመታ ሰው እንዲህ ነው፤ የት እንደነበረ፣ ከምን ላይ እንደወደቀ አያውቅም። ያልሆነ ነገር ይናገራል።»

ቀና ብላ አየችው፤ ማረጋገጫ እየጠበቀች ነበር። ከአዳራሹ ማዶ አንድ ሰው ቁጥሩ ተጠርቶ ተነሳ። ኔስቶር የአባቱን ባርኔጣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በጣቶቹ ያዞራል። ቫኑ ውስጥ የሰማው ድምፅ ጆሮው ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ፣ ተሰፍሮ፣ በቦታው እንደ ብሎን ጠብቆ። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ከተናገሩት ሁሉ ያን ያህል አስበው የተናገሩት አልነበረም።

«አዎ» አለ። «ግራ ገብቷቸው ነበር።»

ሐኪሟ ጻፈችው፤ አመስግናውም ገባች።